ለወራባ የተተወ ቀዳዳ

የሐረርን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ የገዙበት ዘመን የጭንቅ ዘመን ነበር። ኢማም አሕመድ ከወደቁ በኋላ የቀጠለው ጦርነት አገሩን አራቁቶታል፤ ገበሬው ማሳውን እየጣለ ወደ ከተማ ይሸሻል፤ ረሃብና ወረርሽኝ እየተከታተሉ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1560ዎቹ መጨረሻ አሚሩን ራሳቸውን የወሰዳቸው ያው ወረርሽኝ ነው። ግንቡ ግን ቀረ። ዛሬም ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ እየዞረ የድሮዋን ከተማ ጁገልን ያቅፋታል። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፦ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ በድሮ በሪ እና አስመዲን በሪ። በውስጡ፣ 48 ሄክታር በሆነች መሬት ላይ፣ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች ይገኛሉ፤ መተላለፊያዎቿ ደግሞ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ የማይተላለፉባቸው ጠባብ ናቸው።

ይህን ታሪክ ይነግረናል። በግንቡ ግርጌ ስለ ተተዉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን እምብዛም የሚለው የለም። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፤ ወራባ ጅብ ነው። ሌሊት ሌሊት ጅቦች በእነዚያ ሾልከው ይገባሉ፣ ከተማዋ የጣለችውን አጥንትና ትርፍራፊ ያነሣሉ፣ ሳይነጋ ይወጣሉ። ለጦር መከላከያ በታነፀ ግንብ ላይ ለአውሬ ቀዳዳ መተው ምን ዓይነት አሳብ ነው? ታሪክ ዝም ሲል ተረት ይናገራልና ነገሩን በተረት ላውራው።

በዚያ በጭንቅ ዘመን ሰው ሁሉ ደክሞ ስለ ነበር የከተማዋ ሥራ በአራት እንስሳት ላይ ወደቀ። በግድር መጋላ ገበያ የታረደው ሁሉ አጥንቱና ፈርሱ መነሣት አለበት፤ ይህ የአያ ጅቦ ሥራ ሆነ። ሰው ለሶላትና ለሥራ በሰዓቱ መንቃት አለበት፤ ይህን አውራ ዶሮ ያዘ። ከኤረር ሸለቆ በኩልም ሆነ ከሐኪም ተራራ በኩል የሚመጣውን ከሩቅ ማየት የጭልፊት ሆነ። የግንቡን ድንጋይ የምትሸከመው ደግሞ እሜቴ አህያ ናት፤ በአምስቱም በሮች ስለምትመላለስ ከዘበኛው ጋር፣ እንጨት ከሚሸጡት ሴቶች ጋር፣ ከግንበኞቹ ጋር ሁሉ ትተዋወቃለች።

ችግሩ ግልጽ ነው። ጅብ አህያ ይበላል። ጭልፊትም የዶሮ ጫጩት ይነጥቃል። እነዚህን አራት ፍጥረቶች ባንድ ሥራ ላይ ማዋል ሌላ ምርጫ ያጣ ከተማ ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው።

መጀመሪያ አለቃ የሆነው አያ ጅቦ ነበር። ማንም አልሾመውም፤ ሥራ ሲታይ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ስለ ሆነ ሌሎቹ እየተከተሉት አለቃቸው ሆነ። እሜቴ አህያ፣ “እስቲ መጀመሪያ እንመካከር” ስትለው፣ “እናንተ ተመካከሩ፤ እስክትጨርሱ እኔ እጨርሳለሁ” ይላታል። ደግሞም ይጨርሳል። በጥቂት ሌሊት ውስጥ ግድር መጋላ ጸዳ፤ ሰው በጠዋት ወጥቶ ደህና አየር ተነፈሰ፤ አያ ጅቦም ተመሰገነ። ይህ ምስጋና የሚገባው ነው። ሥራውን ሠርቶ የሚያሳይ ሰው በሌለበት ቤት የሌላው ሁሉ ብልሃት ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ጅብ ግን አጥንት ሲያልቅ ማቆም አያውቅም። አንድ ሌሊት ግድር መጋላ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ፋቂዎቹ ያሰጡትን እርጥብ ቆዳ በላ። በማግስቱ ደጃፍ ላይ የተረሳ ጫማ በላ። በሦስተኛው ሌሊት አንድ መጽሐፍ ጠራዥ፣ የሐረር ጠራዦች ዝናቸው የቆየ ነው፣ ለቁርኣን ልባስ አልፍቶና አስጊጦ ያሰጣውን ቆዳ ጠራርጎ በላ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ያኔ ደረሰ። ጠራዡ እያለቀሰ ሲመጣ አያ ጅቦ ከልቡ ገረመው።

“ቆዳ አይደለም እንዴ? ያኛውን ሳነሣ አመሰገናችሁኝ፤ ይኸኛው በምን ተለየ?”

ሌላም ጉዳት ነበረ፤ ይህኛው ቶሎ አልታየም። ግልገሎቹ አባታቸው ሁሉን ራሱ ስለሚሠራ ቆመው ከማየት በቀር ምንም አልተማሩም። አንድ ሌሊት ስንጣሪ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ሲተኛ ከግልገሎቹ አንዱ እንኳ ጎድን ተሸክሞ መውጣት አልቻለም። ብርቱ አለቃ የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የሚታወቀውም እሱ የሌለ ቀን ነው።

“ሥርዓት ይምጣ” ተባለና አውራ ዶሮ ተሾመ። ዶሮው በማግስቱ ከጣሪያ ላይ ሆኖ ደንቡን አሰማ። ከዒሻ ሶላት በፊት ማንም አይገባም፤ ከሱብሒ በኋላ ማንም አይቆይም። የሚነሣ አጥንት ሁሉ አስቀድሞ ይቆጠራል። ፋቂ ሠፈር፣ ጠራዥ ሠፈር፣ የልጆች መጫወቻ ለጅብ የተከለከለ ነው። ይህ ደንብ ብዙ አዳነ። ቆዳው ተረፈ። እሜቴ አህያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭነቷ መቼ እንደሚራገፍ አወቀች፤ ይህ ለሚሸከም ፍጥረት ምን ያህል እፎይታ እንደ ሆነ የሚያውቀው የተሸከመ ብቻ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ጨው የጫነች ግመል በአሱም በሪ አጠገብ በቀትር ወድቃ ሞተች። አያ ጅቦ ከሐኪም ተራራ ሽታው ደረሰውና ተነሣ። ዶሮው ከለከለው።

“ሰዓቱ አልደረሰም።”

“ሬሳው ሰዓት ያውቃል?” አለ ጅብ።

“ማታ ና። ግን መጀመሪያ ትቆጠር። ግመል ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ የተጻፈው በሬና ፍየል ነው። እስኪወሰን ትቆይ።”

ሁለት ቀን ቆየች። በአሱም በሪ ዙሪያ ያሉ ልጆች ታመሙ። አውራ ዶሮ ክፉ አልነበረም፤ በዚያ ሁለት ቀን አንድም እህል አልቀመሰም፣ ዝርዝሩን እያገላበጠ ሲጨነቅ ነበር። ሥርዓት የሚወድ ሰው ያልታሰበ ነገር ሲገጥመው የሚደርስበትን ጭንቀት እኛ ብዙ ጊዜ ግትርነት እንለዋለን፤ ፍርሃት መሆኑ አይታየንም።

ጭልፊት ሹመት አልጠበቀም። ዶሮው ሲጨነቅ እሱ ከላይ ወርዶ ግንቡ ላይ አረፈና እንዲህ አለ፦ “እናንተ የምትጣሉት አጥንት ላይ ነው። እኔ ከላይ የማየውን ብታዩ! ይህች ከተማ አምስት በር አይበቃትም። በምዕራብ በኩል ስድስተኛ በር፣ ሰፊ በር እንክፈት። ፈረስ የማይጎትተው ሠረገላ የሚመጣበት ቀን አለ።” ሁሉም በደስታ ፈዘዙ። እሜቴ አህያ ድንጋይ ጭና ወደ ምዕራብ ሄደች፤ ግንቡም መፍረስ ጀመረ። በማግስቱ ጭልፊት ከሐኪም ተራራ ሥር ምንጭ አየ፤ “ውሃው ይቅደም” አለ። አህያም ድንጋይዋን ወደ ደቡብ መለሰች። በሦስተኛው ቀን በኤረር በኩል ቡና የሚያበቅል መሬት ታየው። ወደ ምሥራቅ ሄደች። ጀርባዋ ቆሰለ፤ ጭልፊት ግን ከዚያ ከፍታ ቁስል አይታየውም።

ስለ በሩ የተናገረው እውነት ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መኪና ሲመጣ በጁገል ግንብ ላይ ስድስተኛ በር ተከፍቷል፤ ዛሬ በመኪና ወደ ፈረስ መጋላ የሚገባ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ጭልፊት ያየው ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ነገር ግን በዚያ የጦርነት ዘመን ከተማዋ ግማሹ የፈረሰ ግንብ ይዛ አደረች፤ ዘበኞቹም ሌሊቱን ሙሉ እሳት አንድደው ክፍተቱን ሲጠብቁ አነጉ። በዚያው ሰሞን ጭልፊት ከዶሮው ጫጩቶች አንዷን ነጠቀ። በጥላቻ አልነበረም። ርቦት ነበር፤ ከላይ ሲታይ ጫጩት ትንሽ ነገር ናት።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ወደ እሜቴ አህያ ዞሩ። እሷን የማይወድ የለም። ሁሉንም ታዳምጣለች፣ ለሁሉም ጆሮዋን ታዘነብላለች፣ ማንንም አታሳፍርም። ዶሮውን ስለ ጫጩቱ አጽናናችው፤ ጭልፊትም ይቅርታ እንዲል አደረገችው፤ ያለ እሷ ይህ የሚሆን አልነበረም። ጅቡ “አጥንቱ ዛሬ ይነሣ” ሲል “እውነትህን ነው” አለችው። ዶሮው “ሳይቆጠር አይነሣም” ሲል “አንተም እውነትህን ነው” አለችው። ጭልፊት “አጥንቱን ትታችሁ ምንጩን ቆፍሩ” ሲል እሱንም እውነትህን ነው አለችው። ሸንጎው ሌሊት ከሌሊት ቀጠለ። ማንም ተከፍቶ አልወጣም፤ ማንም ምን እንደ ተወሰነ አውቆም አልወጣም። አጥንቱ ተከመረ። አያ ጅቦ እያዳመጠ ዓይኑ ጎኗ ላይ ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር፤ ግን እሱን ተቆጥታ “ዓይንህን አንሣ” ማለት አልሆነላትም።

ኢቻክ አዲዝስ የሚባል የአስተዳደር ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ጉዳይ በመጻሕፍቱ ደጋግሞ አንሥቷል። አንድ ድርጅት ጤነኛ እንዲሆን ውጤት የሚያመጣ፣ ሥርዓት የሚያስይዝ፣ አዲስ ነገር የሚያይና ሰውን የሚያስተሳስር ያስፈልገዋል፤ አራቱንም ያሟላ አንድ ሰው ግን አይገኝም፣ ስለዚህ የሚደጋገፉ ሰዎች አብረው መምራት አለባቸው ይላል። በዚህ እስማማለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አራቱ እርስ በርሳቸው የሚፈራሩ መሆናቸው ነው። በየመሥሪያ ቤታችን የምናየው ይህን አይደለም? ፈጣኑ ኃላፊ ደንብ የሚጠይቀውን “ቀርፋፋ” ይለዋል። ደንብ ጠባቂው አሳብ ያለውን “ወሬኛ” ይለዋል። ሰው የሚያግባባው “ውሳኔ አይችልም” ተብሎ ዳር ይወጣል። ግምገማ ሲመጣ እያንዳንዱ ሌላውን በራሱ ጠባይ ይመዝነዋል፤ ሲቀጥርም እንደ ራሱ ያለውን ይቀጥራል። እንዲህ እየሆነ አንዱ ቢሮ ጅብ ብቻ፣ ሌላው ዶሮ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የሕዝቡ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ይንከራተታል።

ወደ ተረቱ እንመለስ። ግንቡ ወደ ማለቁ ተቃረበ፤ የፈረሰውም ክፍተት ተጠገነ። በሮቹ ማታ ይዘጋሉ፤ ቁልፉ ወደ አሚሩ ቤት ይሄዳል። አያ ጅቦ ውጭ ቀረ። በውስጥ አጥንቱ ተቆለለ፣ ሽታው በመስጊዱ ደጅ ሳይቀር ተሰማ፣ በሽታው ባሰ። በውጭ ደግሞ የተራበው ጅብ ከሐኪም ተራራ እየወረደ መጀመሪያ አህዮችን፣ ቀጥሎ በግንቡ ጥግ የተኛ መንገደኛ በላ።

በአሱም በሪ አጠገብ የምትኖር አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ “አይ” ይላታል። በሐረሪ ወግ እናትን እንዲህ ነው የሚጠሯት። ይህች ሴት አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ወጥታ ወደ ሐኪም ተራራ ሄደች፤ ስትመለስ አያ ጅቦ ከጎኗ ነበር። ዘበኛው ጦሩን አነሣ። “እንግዳዬ ነው” አለችው። ዘበኛውም ጦሩን መለሰ።

ቤቷ ያስገባችው ሌሎቹም ተጠርተው በተቀመጡበት ነው። የሐረሪ ቤት ውስጡን ያየ ያውቀዋል። ዋናው ክፍል ቀይ አፈር የተቀባ፣ ግድግዳው በስፌት ያጌጠ፣ ከወለሉ ከፍ ከፍ እያሉ የተሠሩ አምስት መቀመጫዎች ያሉት ነው፤ ናደባ ይሏቸዋል። ቁመታቸውና ቦታቸው ይለያያል፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ወግ አለው፤ ግን በመካከላቸው ግድግዳ የለም፣ ሁሉም አንድ ክፍል ናቸው። አያ ጅቦን ከበሩ ኋላ ባለው ገብቲ ኤሄር ናደባ ላይ አስቀመጠችው፤ ሥራ ሲጠራው ቀድሞ ይወጣ ዘንድ። ጭልፊትን ገለል ባለው ሱትሪ ናደባ፣ ዶሮውን በትንሹ ጢት ናደባ፣ እሜቴ አህያን ደግሞ በሰፊው ግድር ናደባ አደረገቻቸው። የአለቃውን ቦታ፣ አሚር ናደባውን፣ ባዶ ተወችው። አራቱም እየተፈራረቁ ያንን ባዶ ቦታ አዩ፤ ማናቸውም “ለምን?” ብሎ አልጠየቀም።

“ማን አለቃ ይሁን ብዬ አልጠራኋችሁም” አለች። “እያንዳንዳችሁ ከሌላው የምትፈሩትን ንገሩኝ።”

ረጅም ዝምታ ሆነ። ቀድማ የተናገረችው እሜቴ አህያ ናት፤ ይህን ማንም አልጠበቀም።

“አይ፣ ለእርስዎ ልንገርዎ። እኔ የአያ ጅቦን ጥርስ እፈራለሁ። ሁሉንም እውነትህን ነው የምለው ስለማምንበት ብቻ አይደለም፤ ብቆጣ ይበላኛል ብዬ ነው።”

አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። “እኔ የምፈራው መጠበቅን ነው። እናንተ ስትነጋገሩ የምራብ ይመስለኛል። ስራብ ደግሞ ጓደኛና ጎድን አይለይልኝም።”

ዶሮው የጭልፊትን ጥፍር እንደሚፈራ ተናገረ። “ደንብ የማበዛው ጫጩቶቼን የምሸሽግበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ነው” አለ። ጭልፊት ከሁሉም ዘግይቶ ተናገረ፦ “እኔ የዶሮውን ‘አይሆንም’ እፈራለሁ። አንዱን አሳብ ሳይከለክለኝ ብዬ ሌላውን አመጣለሁ። ጀምሬ የምተወው ሳይፈርድብኝ ለመሸሽ ነው።”

“እንግዲህ ለፍርሃታችሁ ልክ እንሥራለት” አለች አሮጊቷ።

ቀዳዳው የተወለደው በዚያች ሌሊት ነው። ጭልፊት የግንቡን ዙሪያ ሁሉ ከላይ ያውቃልና የዝናብ ጎርፍ የሚወጣባቸውን ዝቅ ያሉ ቦታዎች አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ከጎዳና የራቁ፣ ለጅብ መንገድ የቀኑ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜም አሳቡን እስከ መጨረሻ ተናግሮ ጨረሰ። ዶሮው ሰዓቱን አኖረ፤ ከዒሻ በኋላ እስከ ሱብሒ። በዝርዝሩ ግርጌ ግን አዲስ መስመር ጨመረ፦ በደንቡ ያልተጻፈ ነገር ሲሞት መጀመሪያ ይነሣ፣ ከዚያ ይጻፍ። ስፋቱ ሲነሣ አያ ጅቦ “ትከሻዬ ካለፈ ይበቃኛል” አለ። እሜቴ አህያ ተነሥታ ቆመች። “በእኔ ወገብ ይለካ” አለች። “አንተ ባዶ አፍህን የምታልፍበት፣ እኔን ጎትተህ ግን የማታልፍበት ይሁን።” እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አያ ጅቦ አያት፤ ብዙ አሰበ፤ ልኩን ተቀበለ። ለጭልፊትና ለዶሮም ውል ተበጀላቸው። ጫጩቶች ያሉበት ግቢ ለጭልፊት ክልክል ሆነ፤ በምትኩ በየወሩ አንድ ቀን ደንቡን ሁሉ እንደ ልቡ ይነቅፋል፤ እሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ዶሮው አይጮኽም።

የቀረው ግንበኛው ነበር። በማግስቱ የግርጌውን ድንጋይ ሊደፍን ሲመጣ እሜቴ አህያ ክፍተቱ ላይ ቆማ አልነቃነቅ አለች። ገፋት፤ መታት፤ አልሄደችም። ሁሉን እሺ ስትል የኖረች ፍጥረት እንቢ ስትል ያየ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ግንበኛው በመጨረሻ ድካሙ ሲያይል ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን ለካ። ጠላት በዚህ ቢመጣ በሆዱ እየተሳበ፣ ራሱን አስቀድሞ፣ አንድ በአንድ ነው የሚገባው፤ አንድ ዘበኛ ይበቃዋል። ድንጋዩን ወደ ሌላ ቦታ አዞረው።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ለጅቦቹ በየዓመቱ በዓሹራ ቀን ቅቤ የገባበት ገንፎ ታቀርባለች፤ ይህ ዛሬም ያለ ወግ ነው። ሽማግሌዎች የሚመለከቱት አበላላቸውን ነው። ጅቡ ንክች ካላደረገው መጪው ዓመት ያሰጋል። ጠራርጎ ከጨረሰውም ያሰጋል። ከግማሽ በላዩን በልቶ የቀረውን ከተወ ደግ ዓመት ይሆናል ይባላል። አያ ጅቦ ከገንፎው ላይ አፉን ማንሣት ለመማር ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ያስተማሩት ግልገሎቹ ናቸው፤ የተረፈውን እንዲበሉ ዞር ማለት ነበረበትና።

አራቱ አልተለወጡም። ጅብ አሁንም መጠበቅ ይከብደዋል፤ ዶሮ አሁንም ይቆጥራል። አንድ ወር ጭልፊት የነቀፋ ቀኑ ደርሶ አሱም በሪ ላይ አረፈና ያንኑ አነሣ።

“ስድስተኛው በር” አለ። “በምዕራብ፣ ሰፊ በር።”

“የትኛው ድንጋይ ነው ቀድሞ የሚነሣው?” አለ አያ ጅቦ፤ አፈሩን መጫር ጀምሯል።

ዶሮው እስኪጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ “ስንት ሰዓት ይዘጋል? ቁልፉንስ ማን ይይዘዋል?” ሲል ጠየቀ።

እሜቴ አህያ ጆሮዎቿን ወደ ምዕራብ አቀናች። “በሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ቤት ያላቸው ሰዎች አሉ” አለች። “እነሱን አነጋግሬ እስክመጣ፣ አያ ጅቦ፣ መጫሩን ተው።”

ተወ።